የቤታ ዓሣ ክንፍ ሲጎዳ፦ መንስኤውን መለየትና በአግባቡ ማከም

የቤታ ዓሣ ክንፍ ተሰንጥቆ፣ ተሸራርፎ ወይም ጫፉ ጠቁሮ ሲገኝ ብዙ ባለቤቶች ወዲያውኑ የሚጠይቁት ምን ዓይነት መድኃኒት መግዛት እንዳለባቸው ነው። ጥያቄው ለዓሣው ከማሰብ የሚነሣ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። የክንፍ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የውኃው መበላሸት፣ የአኳሪየሙ ዕቃ ስለት ወይም የዓሣው ጭንቀት ያስከተለው ውጤት በመሆኑ፣ መንስኤው ሳይነካ የሚጨመር መድኃኒት ክንፉን አያድነውም። ስለዚህ እዚህ የሚቀርበው አካሄድ መጀመሪያ ጉዳቱን መለየትን፣ ቀጥሎ ውኃውንና ሙቀቱን ማስተካከልን፣ ካስፈለገ ጨውን በልክ መጠቀምን የሚጠይቅ ሲሆን፣ መድኃኒት የሚታሰበው በመጨረሻና ምክንያቱ ሲታወቅ ብቻ ነው።

የቤታ ክንፍ አንጓ አንጓ ካላቸው ቀጫጭን የአጥንት ዘንጎችና በዘንጎቹ መካከል ከተወጠረ ስስ ሽፋን የተሠራ ነው። ዘንጉ ሲቆረጥ በቁስሉ ጫፍ ላይ አዳዲስ ሕዋሳት ተሰባስበው ዘንጉንም፣ ሽፋኑንም፣ የደም ሥሩንም መልሰው ያበቅላሉ፤ በዚህም ምክንያት ክንፉ ከሰውነቱ ጋር የሚያያዝበት ሥር እስካልጠፋ ድረስ ከግማሽ በላይ ያለቀ ጅራት እንኳ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ከባለቤቱ የሚጠበቀው ይህ ተፈጥሯዊ ጥገና ሳይቋረጥ እንዲካሄድ ሁኔታውን ማመቻቸት ነው።

ስለ ዓሣው አመጣጥም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ቤታ በተፈጥሮ የሚኖረው በታይላንድና በአካባቢዋ ባሉ አገሮች፣ ጥልቀት በሌላቸው፣ ዕፅዋት በሞላባቸው፣ በቆሙ ወይም ቀስ ብለው በሚፈሱ ውኃዎች፣ በሩዝ ማሳዎች ጭምር ነው፤ ታይላንድም እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ የውኃ እንስሳዋ አድርጋ ሰይማዋለች። የዱሩ ቤታ ክንፉ አጭር ነው። ዛሬ በሱቅ የሚታየው ረጅምና ሰፊ ክንፍ፣ በተለይም ጅራቱ ሲዘረጋ ግማሽ ክብ የሚሠራው ሃፍሙን የሚባለው ዓይነት፣ ሰዎች ለብዙ ትውልድ እየመረጡ በማዳቀል ያመጡት ሲሆን፣ ለዓሣው ጭነት ስለሚሆንበት በየዕቃው ይያዝበታል፤ ውኃው ሲገፋም ይጎትተዋል። ፕላካት በሚባለው አጭር ክንፍ ባለው ዓይነት ላይ ይህ ችግር በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ለጀማሪ የቱ ይሻላል ብለው ለሚጠይቁኝም ያለ ማመንታት የምመልሰው ፕላካት ብዬ ነው። «በሩዝ ማሳ ስለሚኖር አንድ ብርጭቆ ውኃ ይበቃዋል» የሚለው የሻጮች አነጋገር ትክክል አይደለም። የማሳው ውኃ ጥልቀቱ ትንሽ ቢሆንም ስፋቱ ብዙ ነው፣ ሞቃትም ነው፣ በውስጡ ያለው ዕፅዋትም ቆሻሻውን ይጠቀምበታል። ቤታ ከውኃው ወለል ላይ አየር ለመተንፈስ የሚያስችል ልዩ አካል ስላለው ኦክስጅን ባነሰበት ውኃ ውስጥ መቆየት ይችላል፤ ይህ አካል ግን ከአሞኒያ አያድነውም።

ጉዳቱን በቅርብ መመርመር

ዓሣውን ከውኃ ማውጣት አያስፈልግም። ክፍሉን ጠቆር አድርገው በስልክ መብራት ከጎን በኩል ሲያበሩበት የክንፉ ጠርዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ በየቀኑም ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ክንፉ ተዘርግቶ ሳለ ማንሣትዎን ይቀጥሉ። ዓይን በየቀኑ የሚያየውን ለውጥ አይለይም፤ የዛሬውን ፎቶ ከሦስት ቀን በፊቱ ጋር ሲያስተያዩ ግን ጉዳቱ ወደ ሰውነቱ እየገፋ መሆኑና አለመሆኑ ይታወቃል። የሚቀጥለው ውሳኔ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው።

በዕቃ የተቀደደ ክንፍ ብዙውን ጊዜ በሁለት ዘንጎች መካከል ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ ሲሆን፣ የስንጥቁ ጠርዝ ከቀሪው ክንፍ የተለየ ቀለም አይኖረውም። ዓሣው ይበላል፣ ይዋኛል፣ እንደ ወትሮው ወደ መስታወቱ ቀርቦ ያይዎታል። ይህ ከሁሉም ቀላሉ ጉዳት ነው፤ ንጹሕ ውኃና አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይበቁታል።

ዓሣው የራሱን ጅራት የነከሰ እንደሆነ ምልክቱ የተለየ ነው። ማታ ሙሉ የነበረው ጅራት ጠዋት ላይ የተገመጠ ይመስላል፤ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ የታጠፈ ቅስት ሆኖ አፉ በሚደርስበት በጅራቱ ላይ ብቻ ይታያል፣ የክንፉ ቁራጭም አልፎ አልፎ ከአሸዋው ላይ ይገኛል። ጡቱ ሥር ያሉት ክንፎችና የጀርባው ክንፍ የፊተኛ ክፍል ተነክተው ከተገኙ ግን የነከሰው ሌላ ዓሣ ነው፤ የራሱ አፍ እዚያ አይደርስምና። ከቤታ ጋር አንድ ላይ ከሚቀመጡት ዓሦች መካከል ታይገር ባርብ ክንፍ በመንከስ የታወቀ ነው። ሁለት ወንድ ቤታዎች በአንድ ውኃ ውስጥ ካሉ ደግሞ ምርመራ አያስፈልግም፤ ዛሬውኑ ይለያዩ።

የክንፍ መበስበስ የሚባለው የባክቴሪያ ጉዳት የሚጀምረው ከጠርዝ ነው። ጠርዙ እንደ አሮጌ ጨርቅ ይሸራረፋል፤ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ወይም ነጣ ያለ መስመር ያወጣል፤ ቀን በቀንም ወደ ሰውነቱ ይጠጋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚያመጡት ኤሮሞናስና ሱዶሞናስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በማንኛውም አኳሪየም ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ጤነኛ ዓሣ ይቋቋማቸዋል፤ ውኃው ሲቆሽሽ፣ ሲቀዘቅዝ ወይም ክንፉ አስቀድሞ ሲሰነጠቅ ግን መግቢያ ያገኛሉ። የስንጥቅ ጉዳት ችላ ሲባል ወደ መበስበስ የሚለወጠውም በዚህ መንገድ ነው።

ከመበስበስ ጋር የሚምታቱ ሁለት ሌሎች ነገሮች አሉ። አንደኛው ፈንገስ ሲሆን ከቁስሉ ላይ የተነደፈ ጥጥ የመሰለ፣ ክሩ ለየብቻ የሚታይ ነጭ ነገር ያበቅላል። ሁለተኛውና አደገኛው ኮለምናሪስ ነው፤ ግራጫማ ነጭ ሽፋን በአፉ ዙሪያ፣ በስንጥቦቹ ላይ ወይም በጀርባው ላይ እንደ ኮርቻ ተዘርግቶ ይታያል፣ በሰዓታትና በቀናት ውስጥም ይስፋፋል። ኮለምናሪስ ባክቴሪያ እንጂ ፈንገስ ስላልሆነ የፈንገስ መድኃኒት አይሠራበትም፤ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይፋጠናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ማሞቅ የሚነገረው ምክር ይህን በሽታ አይጨምርም።

ሳይጎዳ የተጎዳ የሚመስልም አለ። ክራውንቴል የሚባለው ዓይነት የዘንጎቹ ጫፎች ከሽፋኑ ወጥተው ሾለው እንዲታዩ ሆኖ የተዳቀለ በመሆኑ ለማያውቀው ሰው የተበጣጠሰ ይመስላል። አንዳንድ ቤታዎችም ሲያድጉ የክንፋቸው ጠርዝ በተፈጥሮ ይጠቁራል። ጥቁሩ መስመር ለስላሳና ወጥ ከሆነ፣ ሳምንታት አልፈውም ካልተንቀሳቀሰ ቀለም ነው።

ውኃው

ጉዳቱ የትኛውም ይሁን፣ በመጀመሪያው ቀን የሚደረገው ተመሳሳይ ነው፤ ውኃውን ይለኩ። በጠብታ የሚሠራ የውኃ መመርመሪያ ከወረቀቱ ይልቅ አስተማማኝ ነው። አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች (ቢቻል ከ20 በታች)፣ ፒኤች (የውኃው የአሲድነት ልክ) ከ6.5 እስከ 7.5 ባለው ክልል ሊሆን ይገባል። ፒኤች ከዚህ ጥቂት ቢያልፍ አያሳስብም፤ ከፍ ባለ ፒኤችና ሙቀት ላይ ግን ያው የአሞኒያ መጠን ይበልጥ መርዛማ እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል። ውኃው ጥርት ብሎ መታየቱ ምንም አያረጋግጥም፤ አሞኒያ ቀለም የለውም።

አሞኒያ የሚመጣው ከዓሣው ትንፋሽና ፍግ እንዲሁም ሳይበላ ከቀረ መኖ ነው። በማጣሪያው ስፖንጅና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ አዲስ አኳሪየም ግን እነዚህን ባክቴሪያዎች ለማደራጀት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ዓሣውና አኳሪየሙ በአንድ ቀን ተገዝተው የመጡ ከሆነ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የሚታየው የክንፍ መበላሸት ምክንያቱ ከዚህ ሩቅ አይሆንም።

አሞኒያ ወይም ናይትራይት ከተገኘ ከውኃው ከሦስት እጅ አንዱን እስከ ግማሹን በዚያው ቀን ይቀይሩ፤ በማግሥቱ ለክተው ዜሮ እስኪሆን ይድገሙት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር አይመከርም፤ የሙቀቱና የፒኤቹ ድንገተኛ ለውጥ ራሱ ዓሣውን ያስጨንቀዋል። ከታች የተከማቸውን ቆሻሻ በቀጭን ቱቦ ስበው ያውጡ። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አይጠቡ፤ ከአኳሪየሙ በወጣው አሮጌ ውኃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ይመልሱት፤ አለዚያ ክሎሪኑ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይፈጃቸዋል።

አዲሱ ውኃ ከየት እንደሚመጣ ማወቅም የሕክምናው አካል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውኃም ሆነ ከአቃቂ በኩል ከጉድጓድ የሚወጣው ለመጠጥ ሲባል በክሎሪን ይታከማል። ክሎሪን የሚያስወግደውን ጠብታ ማግኘት ካልተቻለ፣ ውኃውን አፉ በተከፈተ ባልዲ ቀድቶ፣ ቢቻል በአየር ፓምፕ እያንቦጫረቁ ቢያንስ 24 ሰዓት ማሳደር ክሎሪኑን ያስወጣዋል። ይህ ዘዴ ግን በየአገሩ አይሠራም። ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ውኃው የሚታከመው በክሎራሚን ሲሆን፣ ክሎራሚን በማሳደር ብቻ ስለማይለቅ በዚያ የሚኖሩ አንባቢዎች ክሎራሚንን ጭምር እንደሚያስወግድ በላዩ የተጻፈበትን ጠብታ የግድ መጠቀም አለባቸው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በጋ ላይ «ቀዝቃዛ» ከሚባለው ቧንቧ የሚወርደው ውኃ ከጣራ ታንከር ስለሚመጣ ከሚገባው በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ቤት ውስጥ አስቀምጦ፣ በቴርሞሜትር ለክቶ፣ ከአኳሪየሙ ጋር ሲስተካከል ብቻ መጨመር ይገባል።

ሙቀት በአገራችን ደጋማ ከተሞች ትልቁ ጉዳይ ነው። ቤታ የሚስማማው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ በክረምትም ቀን ጭምር፣ ሂተር (የውኃ ማሞቂያ) የሌለው የሳሎን አኳሪየም ከዚያ በብዙ ዝቅ ይላል። የቀዘቀዘ ቤታ የበላው ምግብ አይፈጭለትም፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይዳከማል፣ ክንፉም የሚያድገው እጅግ ቀስ ብሎ ነው። ሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ሂተር ስለዚህ እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባውም፤ ለመድኃኒት ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ መጀመሪያ ለእሱ ቢውል ይሻላል። ለ20 ሊትር ውኃ 25 ዋት በሞቃት ክፍል ይበቃል፣ በቀዝቃዛ ክፍል ግን 50 ዋት ይመረጣል። ውኃው ቀዝቅዞ ከተገኘ በአንዴ አያሙቁት፤ በግማሽ ቀን ወይም በአንድ ቀን ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያድርጉ።

መብራት ሲጠፋ አኳሪየሙን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከላይ ለአየር ትንሽ ክፍተት ይተዉለት። ጨለማው ከረዘመ ሞቅ ያለ ውኃ የተሞላና በደንብ የተከደነ የሃይላንድ ፕላስቲክ ከላዩ ማንሳፈፍ ሙቀቱን ያቆየዋል፤ የፈላ ውኃ በቀጥታ መጨመር ግን ፈጽሞ አይደረግም። መብራቱ ሲመለስ ሂተሩ በውኃ እንደተሸፈነ ያረጋግጡ፤ ከውኃ በላይ ሆኖ ከሞቀ የሂተሩ መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል።

መንስኤውን ከአኳሪየሙ ማውጣት

ስለታም ዕቃን ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። የሴቶችን ስስ የናይለን ስቶኪንግ እጅዎ ላይ አጥልቀው በእያንዳንዱ ድንጋይ፣ የሸክላ ጌጥና የፕላስቲክ ተክል ላይ ቀስ ብለው ያሳልፉት፤ ክሩ የተያዘበት ወይም የተመዘዘበት ዕቃ የቤታን ክንፍም ይይዛል። የጌጡን የውስጥ ቀዳዳ አይርሱ፤ ውጩ ለስላሳ ሆኖ የውስጥ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነ የሸክላ ቤት ያጋጥማል። የፕላስቲክ ተክሎች ከሁሉም የከፉ ናቸው። በእነሱ ምትክ በጨርቅ የተሠሩትን ወይም እንደ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ያሉ በዝቅተኛ ብርሃን የሚያድጉ ሕያዋን ተክሎችን መጠቀም ይቻላል።

የማጣሪያው መሳቢያ አፍ ክንፍ ስቦ ሊያስገባ ስለሚችል በስፖንጅ ይሸፍኑት። ዓሣው ከመውጫው ፊት ሲደርስ ወደ ኋላ የሚገፋ ወይም ጥግ ላይ ተሸጉጦ የሚውል ከሆነ ፍሰቱ በዝቶበታል፤ ቀንሱለት፣ ወይም መውጫውን ወደ መስታወቱ አዙሩት።

ራሱን የሚነክስ ቤታ ከሁሉም ያስቸግራል፤ እዚህ ላይ ፈጣን መፍትሔ አለ ብዬ ማንንም ማታለል አልፈልግም። መንስኤዎቹ ብዙ ናቸው፦ ጠባብ ቦታ፣ ኃይለኛ ፍሰት፣ በመስታወቱ ላይ የሚያየው የራሱ ምስል፣ በአጠገቡ የተቀመጠ ሌላ ወንድ ቤታ፣ መሰላቸት፣ አልፎም የገዛ ክንፉ ክብደት። ከነዚህ አንዱን ብቻ በአንድ ጊዜ ለውጠው አንድ ሳምንት ይጠብቁ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ከለወጡ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። መጀመሪያ የሚሞከረው የጎንና የኋላ መስታወቶቹን በጥቁር ወረቀት ከውጭ መሸፈን ነው፤ ወጪ የለውም፣ ምስሉንም ያጠፋል። ቀጥሎ ከውኃው ወለል አጠገብ የሚያርፍበት ሰፊ ቅጠል ያዘጋጁለት፣ መብራቱንም በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል ብቻ ያብሩ። በጣም የበዛ የክንፍ ቅርንጫፍ ያላቸው ሮዝቴል የሚባሉት ግን ሁሉ ነገር ተሟልቶላቸው እንኳ መንከሳቸውን የሚቀጥሉበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ሥራው ቁስሉ እንዳይበሰብስ ውኃውን ንጹሕ አድርጎ መጠበቅ ብቻ ይሆናል።

ጨው መቼና ስንት

ውኃው ተስተካክሎ፣ ሙቀቱ ተጠብቆ፣ በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ ጠርዙ መሸራረፉን ካላቆመ ጨው ይታሰባል። ለንጹሕ ስንጥቅ ጨው አያስፈልግም። የሚፈለገው ተራ የሶዲየም ክሎራይድ ጨው ነው። አዮዲን የሌለው ይመረጣል፤ እሱ ካልተገኘ ግን በገበታ ጨው ውስጥ ያለው አዮዲን በዚህ መጠን ችግር የሚፈጥር አይደለም። ቅመም የተቀላቀለበትን ጨውና አፈር ያለበትን አሞሌ ግን አይጠቀሙ። ኤፕሰም የሚባለው ጨው ማግኒዚየም ሰልፌት ስለሆነ ሥራው ሌላ ነው፤ ለሆድ መነፋትና ለድርቀት እንጂ ለክንፍ አይሰጥም።

ጨው ሕያዋን ተክሎችንና ቀንድ አውጣዎችን ስለሚጎዳ ሕክምናውን በሌላ ዕቃ ማድረግ ይሻላል። ከ8 እስከ 10 ሊትር የሚይዝ፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ሂተር፣ ክዳንና አንድ መደበቂያ ይበቃል። መጠኑ ለመጀመሪያው ቀን በሊትር 1 ግራም ነው፤ ዓሣው ካልተረበሸ በማግሥቱ ወደ 2 ግራም ከፍ ይደረጋል። ለ10 ሊትር ውኃ በመጀመሪያው ቀን 10 ግራም ማለት ነው። አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የሻካራ ጨው ማንኪያ ግን እንደ ፍሬው መጠን ስለሚለያይ በኩሽና ሚዛን መመዘን ይመረጣል። ጨውን በቀጥታ ዓሣው ላይ አይበትኑ፤ በአንድ ኩባያ የአኳሪየም ውኃ አሟሙተው በአንድ ሰዓት ውስጥ በሦስት ጊዜ ከፍለው ያፍስሱ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ባለው ሒሳብ ነው። ጨው አይተንም። ውኃው በትነት ከቀነሰ የሚጨመረው ያለ ጨው ነው፤ ውኃ ተቀድቶ ከተቀየረ ደግሞ ጨው የሚጨመረው ለተቀየረው ሊትር ብቻ ነው። ከ10 ሊትሩ 4 ሊትር ቀይረው በ2 ግራም ልክ የሚጠብቁ ከሆነ የሚጨምሩት 8 ግራም ነው፤ እንደገና 20 ግራም ቢጨምሩ ውኃው በጥቂት ቀን ውስጥ ከታሰበው እጥፍ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ማጣሪያ በሌለው ሣጥን ውስጥ በየቀኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ መቀየር ያስፈልጋል። ሕክምናው ከ10 ቀን አይለፍ፤ ሲጨርሱ ያለ ጨው በሆነ ውኃ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀየሩ ያሟጥጡት።

ካታፓ የሚባለውን ዛፍ የደረቀ ቅጠል የሚያገኙ ሰዎች አንድ ቅጠል በ20 ሊትር ሊጨምሩ ይችላሉ። ውኃውን የሻይ ቀለም ያስይዘዋል፤ የሚያወጣው ታኒን ጀርሞችን በመጠኑ እንደሚገታ ይታመናል፣ ዓሣውንም ያረጋጋዋል። ረዳት እንጂ መድኃኒት ግን አይደለም።

መድኃኒት

ጉዳቱ ወደ ሰውነቱ ሥር ከተጠጋ፣ ቀይ ሰንበር ከታየ፣ ዓሣው መብላት ካቆመ ወይም ኮለምናሪስ ከተጠረጠረ መጠበቅ አይገባም። ለባክቴሪያ መበስበስ በዓሣ ሕክምና የሚታወቁት ናይትሮፉራዞን እና ካናማይሲን ሲሆኑ፣ ለፈንገስ ሜቲሊን ብሉ ይውላል። ኤሪትሮማይሲን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ በየቦታው ቢሸጥም ክንፍ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው እሱ ከሚያጠቃቸው ወገን አይደሉም። ለሰው የተዘጋጀ የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፋርማሲ ገዝቶ በግምት መበተንም ሁለት ጉድለት አለበት፦ መጠኑ አይታወቅም፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም በበዛበት ጠጣር ውኃ ውስጥም መድኃኒቱ ከማዕድኖቹ ጋር ተጣብቆ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ከተቻለ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ፣ የማሸጊያውን መጠን በትክክል ይከተሉ፣ ዓሣው በሁለተኛው ቀን ቢሻለውም የታዘዘውን ጊዜ ይጨርሱ።

መድኃኒት ከመጨመርዎ በፊት ከማጣሪያው ውስጥ የከሰል ክፍሉን ያውጡ፤ ከሰል መድኃኒቱን ይመጥጠዋል። ሁለት መድኃኒት በአንድ ጊዜ አይቀላቅሉ። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎችም ስለሚገድሉ በሕክምናው ወቅት አሞኒያን በየቀኑ መለካት ግድ ነው። ከሻይ ዛፍ ዘይት የተዘጋጁ ፈሳሾች «ተፈጥሯዊ» ተብለው ቢሸጡም ለቤታ አልመክራቸውም፤ ከወለል አየር የሚስብን ዓሣ ዘይት ባለበት ውኃ ማኖር ምክንያታዊ አይመስለኝም። ኮለምናሪስ ከሆነ ሙቀቱን ወደ 24 ዲግሪ ዝቅ ያድርጉ።

በእጅዎ ላይ ቁስል ካለ ጓንት ሳያደርጉ ውኃው ውስጥ አይግቡ፤ ከዓሣ ወደ ሰው ቆዳ የሚተላለፍ ባክቴሪያ አለና። በሌላ አኳሪየም የተጠቀሙበትን መረብም በሙቅ ውኃ አጥበው ያድርቁት።

ምግብና የማገገሚያው ጊዜ

ክንፍ የሚያድገው ከፕሮቲን ነው። ቤታ በተፈጥሮው ነፍሳትንና እጮችን የሚበላ በመሆኑ ዓሣ ወይም ነፍሳት በንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ የተጻፈበት መኖ ይምረጡ። በቀን ሁለት ጊዜ ከ2 እስከ 4 ፍሬ በቂ ነው፤ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ በፍሪዘር የተቀመጠ ዳፍኒያ (ጥቃቅን የውኃ እንስሳ) ወይም የደም ትል (ቀይ የነፍሳት እጭ) መስጠት ጥሩ ነው። «ይጠንክር» ተብሎ የሚጨመር ትርፍ ምግብ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል፤ በ2 ደቂቃ ውስጥ ያልተበላውን ያውጡ።

የመሻሻል የመጀመሪያው ምልክት ጠርዙ ላይ የሚታይ መስታወት የመሰለ ስስ ሽፋን ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ነጭ ነገር እንደ ፈንገስ ቆጥረው እንደገና መድኃኒት ይጨምራሉ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ አዲስ ክንፍ ለስላሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍና የዘንጎቹን አቅጣጫ የተከተለ ሲሆን፣ ፈንገስ ብናኝና ጭገር ያለው ነው። ይህ አዲስ ሽፋን በቀላሉ ስለሚቀደድ ዓሣውን በመረብ አያሳድዱ፤ ማዛወር ካስፈለገ በኩባያ ይቅዱት። መስታወት አሳይቶ ማስቆጣትም እስኪድን ይቆይ።

ትንሽ ስንጥቅ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይገጥማል። ከጅራቱ ብዙ ክፍል የጠፋበት ዓሣ ግን ከአንድ እስከ ሦስት ወር፣ በዕድሜ የገፋ ከሆነም ከዚያ በላይ ሊፈጅበት ይችላል፤ ቤታ በአብዛኛው የሚኖረው ሦስት ዓመት ገደማ ስለሆነ ሁለት ዓመት ያለፈው ዓሣ እንደ ጎረምሳው ቶሎ አያገግምም። አዲሱ ክንፍ መጀመሪያ ቀለም አይኖረውም፤ ቀለሙ ቀስ ብሎ ይገባል፣ አንዳንዴም ከድሮው ይለያል። ዘንጉ ጠምዘዝ ብሎ ካደገም ለመዋኘት እስካላስቸገረው ድረስ ምንም አይደረግለትም፤ መቀስ ይዞ «ማስተካከል» የሚሞክሩ አሉና ይህ በቤት ውስጥ ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

ዓሣው ወደ ቋሚ አኳሪየሙ የሚመለሰው ጠርዙ ለአንድ ሳምንት ሳይሸራረፍ ከቆየና በዋናው ውኃ ውስጥ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ዋናው አኳሪየም ያለ ዓሣ በሚቆይባቸው ቀናት ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ በየሁለት ቀኑ ጥቂት የመኖ ፍሬ ይጣልበት፤ ማጣሪያውም ሳይጠፋ ይሥራ። ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ 25 በመቶ ውኃ ይቀየር፤ ከዚያም በሳምንት አንድ ጊዜ መቀጠል ይቻላል።